ቪፒኤኑ «አልገናኝም» ሲለን ከየት እንጀምር?

በዚህ እትም የኮምፒዩተር አምዳችን መምህራኖቻችንን ደጋግሞ የሚያስቸግር አንድ ጉዳይ ይዞ ቀርቧል። ጉዳዩ በሊኑክስ በሚሠራው ኮምፒዩተራችን ላይ ያለው የሥራ ቪፒኤን «አልገናኝም» ብሎ ድርቅ ሲል ምን ማድረግ አለብን የሚለው ነው። ለተማሪዎቻችንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ነገ በርቀት የሚማር ወይም በርቀት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ይህ ነገር ሳይገጥመው አይቀርምና። ነገሩን በራሳችን ላይ ከደረሰው እንጀምር።

ያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ጊዜው ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 2025። አሕመድ ዳጋህ በሚገኘው የማስተማሪያ ክፍላችን ሦስት መምህራን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠናል። የያዝነው የ34 ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር በቪፒኤን በኩል ወደ ፕሮጀክቱ ሰርቨር ገብቶ ማለቅ ያለበት በዚያው ዕለት ማታ ነው። በነጋታው ዓርብ ነው፤ ሐርጌሳ ውስጥ ዓርብ ቢሮ እንደማይከፈት ታውቃላችሁ። ስሙ ሳይገባ የቀረ ተማሪ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ነው ዕጣው። አንድ ዙር ደግሞ ለስደተኛ ተማሪ ቀላል ጊዜ አይደለም። በመሀል ቤተሰቡ ሊዛወር፣ ልጁም ሥራ ይዞ ትምህርቱን ሊተው ይችላል።

ቪፒኤኑን ከፍተን «ተገናኝ» የሚለውን ተጫንን። ኮምፒዩተሩ ትንሽ ቆየና «ግንኙነቱ አልተሳካም» አለ። እንደገና ተጫንን፤ አሁንም ያው። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሳንሞክር አልቀረንም። ከዚያ ፓስዎርዱን መጠራጠር ጀመርን፤ ቀጥሎ ኢንተርኔቱን፤ ቀጥሎ ላፕቶፑን። አንዱ ባልደረባችን «እናጥፋውና እናብራው» አለ። አጠፋን፣ አበራን፤ ለውጥ የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ሌላው ባልደረባችን «ቲቸር፣ ለምን በኔ ኢሜይል አንልከውም? ካልሆነም በቴሌግራም። ይገላግለናል» አለ። እውነቱን ለመናገር የሁላችንም ልብ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ግን ዝርዝሩን መለስ ብለን አየነው። የልጆቹ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የመጡበት ቦታ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የወላጅ ስልክ ሁሉ አለበት። ከመሀላቸው የት እንዳሉ እንዲታወቅባቸው የማይፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። አንዲት እናት ይህን ሁሉ የነገረችን ለልጇ ትምህርት ብላ ነው እንጂ፣ በማንም ኢሜይልና በማንም ስልክ ውስጥ ተቀምጦ እንዲቀር አይደለም። ስለዚህ አልላክንም።

ነገሩ እንዴት እንደተፈታ ወደ ኋላ ላይ እንነግራችኋለን። መጀመሪያ ግን «ያን ቀን ብናውቀው ኖሮ» የምንለውን ሁሉ በተራ እናስቀምጥ።

ለመሆኑ የሥራ ቪፒኤን ምንድን ነው?

ቪፒኤን የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ዛሬ ብዙም አይገኝም። አብዛኛው ሰው የሰማው ግን በሌላ በኩል ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው በነበረ ጊዜ ዘመዶቻችን «ቪፒኤን ጭኜ ነው የማወራህ» ይሉን ነበር። እዚህ ሶማሌላንድም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2017 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲካሄድ ማኅበራዊ ገጾች ለጥቂት ቀናት ተዘግተው ስለነበር ቃሉ ያኔም ተሰምቷል።

የሥራ ቪፒኤን አሠራሩ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል፤ ዓላማው ግን ይለያል። ያኛው ከታጠረ ግቢ የሚያወጣ በር ነው። ይኼኛው ደግሞ ወደ ታጠረ ግቢ የሚያስገባ በር ነው። ግቢው የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ነው። ስለዚህ የሥራ ቪፒኤን እምቢ ሲል ከስልክ ላይ ነጻ ቪፒኤን አውርዶ መሞከር ዋጋ የለውም። በሌላ በር ወደ ሌላ ቦታ ያወጣናል እንጂ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ አያስገባንም። በዚያ ላይ የምንልከው ሁሉ በማናውቀው ሰው እጅ ያልፋል።

አሠራሩን ለመረዳት ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በወጃሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገረውን ኮንቴይነር አስቡ። ኮንቴይነሩ ታሽጎ ነው የሚጓዘው። ኬላ ላይ ያለው ሰው መኪናውን ያያል፣ ወዴት እንደሚሄድም ያውቃል፤ ውስጡ ያለውን ዕቃ ግን አያይም። ቪፒኤንም እንዲሁ ነው። የስልክ ድርጅቱ ከአንድ ሰርቨር ጋር እንደተገናኘንና ምን ያህል ዳታ እንደተላለፈ ያያል። የተላለፈው ነገር ግን በሚስጥር ኮድ ታሽጎ ስለሚሄድ ሊያነበው አይችልም።

ታዲያ አንድ ኮንቴይነር ከታሰበበት ሳይደርስ ቢቀር ምክንያቱ ከአምስቱ አንዱ ነው። ወይ መንገዱ ተዘግቷል፤ ወይ ሾፌሩ አድራሻውን አላገኘውም፤ ወይ ኬላው አላሳለፈውም፤ ወይ ወረቀቱ ልክ አይደለም፤ ወይ ደግሞ ግቢው ገብቶ መጋዘኑ ጠፍቶታል። የቪፒኤን ችግርም ከእነዚህ ከአምስቱ አይወጣም ማለት ይቻላል። የኛ ሥራ የትኛው ላይ እንደቆመ ማወቅ ነው። እሱን ካወቅን ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከሁሉ በፊት እጃችንን እንሰብስብ

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። ቪፒኤን እምቢ ሲል መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ደጋግሞ መጫን ነው። ይኼ ጉዳት አለው። ብዙ ሰርቨሮች ፓስዎርድ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳተ የተጠቃሚውን ስም ለተወሰነ ጊዜ ይዘጉታል። ያኔ ችግራችን ሁለት ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ብናስተካክል እንኳ ሁለተኛው አያስገባንም። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነ ማቆም ነው።

ሁለተኛው ስህተታችን አራት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ቢሠራ የትኛው እንዳሠራው አናውቅም፤ ባይሠራ የትኛው እንዳበላሸው አናውቅም። አንድ ነገር ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ጻፉት። ካልሠራ ወደነበረበት መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሦስተኛው፣ መልእክቱን አንብቡ። ማስታወቂያ ሆኖ ብቅ የሚለው «ግንኙነቱ አልተሳካም» ምንም አይነግረንም። ትክክለኛው ምክንያት ያለው ሎግ በሚባለው የውሎ መዝገብ ውስጥ ነው። ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ላይ ተርሚናል ከፍተን «ጆርናል-ሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ እናየዋለን። አንድ ተርሚናል ላይ መዝገቡን ከፍተን፣ በሌላ በኩል ቪፒኤኑን አንድ ጊዜ እንጫን። መስመሮቹ ሲወርዱ «ስህተት»፣ «አልተሳካም»፣ «ጊዜው አለፈ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት እንፈልግ።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር እናሳስብ። ትእዛዞች ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚህ አጠራራቸውን ብቻ ነው ያስቀመጥነው። ሙሉ አጻጻፋቸውን ትልቅ አድርገን በኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ገልብጣችሁ ደብተራችሁ ላይ አስቀምጡት።

የኛ ቪፒኤን የትኛው ነው?

ምርመራ ከመጀመራችን በፊት የምንጠቀመውን የቪፒኤን ዓይነት እንወቅ፤ መልእክቶቻቸው ይለያያሉና። ሥራ ላይ በብዛት የሚገኙት ኦፕንቪፒኤንና ዋየርጋርድ ናቸው።

ኦፕንቪፒኤንን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ጄምስ ዮናን ነው። ሰውየው በመካከለኛው እስያ ሲጓዝ በማያምናቸው የኢንተርኔት መስመሮች በኩል ከሥራው ጋር መገናኘት ነበረበት፤ ሐሳቡ ከዚያ መጣለት። ችግሩ የኛን ይመስላል። ዋየርጋርድ የጄሰን ዶነንፌልድ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በወጣው የሊኑክስ ከርነል 5.6 ውስጥ ተካቷል። ኦፕንቪፒኤን ብዙ የሚያወራ ነው፤ መዝገቡ ላይ ሁሉንም ይጽፋል። ዋየርጋርድ ግን ዝምተኛ ነው። ቁልፉን ለማያውቀው ሰው መልስ እንዳይሰጥ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ችግር ሲኖር የምናየው ዝምታ ብቻ ነው።

አምስቱ በሮች

አንደኛ በር፦ መንገዱ ክፍት ነው?

ዋይፋዩ ላይ ምልክቱ ስላለ ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም። በስልክ ሆትስፖት የምንጠቀም ከሆነ ፓኬጁ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ግን እንዳለ ይቆያል። ሻይ ቤት ወይም ሆቴል ውስጥ ከሆንን ደግሞ መጀመሪያ ብሮውዘር ከፍተን ኮዱን ካላስገባን በስተቀር መንገዱ አይከፈትም። ስለዚህ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብሮውዘር ከፍተን ሁለት የተለያዩ ገጾችን እንሞክር። «ስልኬ ላይ ይሠራል» ማለት በቂ አይደለም።

በተርሚናል ደግሞ «ፒንግ 1.1.1.1» ብለን እንጻፍ። በሚሊ ሰከንድ የተለካ መልስ እየተመላለሰ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው። መልስ ባይመጣ ግን ወዲያው «የለም» አንበል፤ ፒንግን ብቻ የሚከለክሉ ኔትዎርኮች አሉ። ብሮውዘሩም ፒንጉም እምቢ ካሉ ግን ችግሩ የቪፒኤኑ አይደለም፤ መስመሩን እናስተካክል።

ሁለተኛ በር፦ አድራሻው ይገኛል?

ኮምፒዩተሮች የሚገናኙት በቁጥር ነው። የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥልን ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው፤ ልክ እንደ ስልክ ማውጫ። «ፒንግ 1.1.1.1» መልስ እየሰጠ በስም ስንጠራው «ስሙን አላገኘሁትም» የሚል መልእክት ከመጣ ችግሩ እዚህ ነው። «ሪዞልቭ-ሲቲኤል» የሚለው ትእዛዝ ኮምፒዩተራችን የትኛውን ማውጫ እንደሚጠይቅ ያሳየናል። አንዳንዴ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ይገኛል፤ እሱንም እንመልከት።

ሦስተኛ በር፦ ኬላው ያሳልፋል?

እያንዳንዱ ቪፒኤን የሚያልፍበት ፖርት የሚባል ቁጥር አለው። ኦፕንቪፒኤን ብዙ ጊዜ 1194ን፣ ዋየርጋርድ ደግሞ 51820ን ይጠቀማል። አንዳንድ የካፌ፣ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ዋይፋዮች ተራ ድረ ገጾች የሚያልፉበትን 443ን ብቻ ከፍተው ሌላውን ይዘጋሉ። እንዲህ ሲሆን ብሮውዘሩ ደህና ይሠራል፣ ቪፒኤኑ ግን ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ይተወዋል። ኦፕንቪፒኤን መዝገቡ ላይ «በ60 ሰከንድ ውስጥ የቁልፍ ስምምነት አልተደረገም» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ይጽፋል። ይህ ማለት «አንኳኳሁ፣ የሚመልስልኝ አጣሁ» ማለት ነው። ፓስዎርድ ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ ፓስዎርዱ ገና አልተጠየቀም።

ዋየርጋርድ ከሆነ «ደብሊው-ጂ ሾው» የሚለውን ትእዛዝ እንስጥ። «የመጨረሻው እጅ መጨባበጥ» የሚለው መስመር ከሌለ፣ ወይም የቆየ ጊዜ ካሳየ፣ ወዲያ ማዶ ያለው አልመለሰልንም።

ቀላሉ መፈተኛ ኔትዎርክ መቀየር ነው። በሌላ ድርጅት ሲም ሆትስፖት ከፍተን እንሞክር። በዚያ ከሠራ ችግሩ የመጀመሪያው ኔትዎርክ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ ሰርቨሩ ራሱ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ቦታ ያለ ባልደረባ ይገባለት እንደሆነ ደውለን እንጠይቅ። በ443 በኩል የሚያልፍ መስመር ካለም የሰርቨሩን ኃላፊ መጠየቅ ይቻላል።

አራተኛ በር፦ ወረቀታችን ልክ ነው?

እዚህ ላይ ሰርቨሩ መልስ ሰጥቷል፤ ጥያቄው «ማን ናችሁ?» የሚለው ነው። ኦፕንቪፒኤን መዝገቡ ላይ «ማረጋገጫው አልተሳካም» ካለ የተጠቃሚ ስሙን ወይም ፓስዎርዱን አልተቀበለም። ታዲያ ፓስዎርዱን ከመጠራጠራችን በፊት የኪቦርዱን ቋንቋ እንይ። ለተማሪዎች ፈተና በአማርኛ ስንጽፍ ቆይተን ኪቦርዱን ሳንመልሰው ፓስዎርድ ስንጽፍ፣ ከነጥቦቹ በስተጀርባ የሚጻፈው አማርኛ ነው! ነጥብ ደግሞ ያው ነጥብ ነው፤ አያስታውቅም። ፓስዎርዱን መጀመሪያ ባዶ ጽሑፍ ላይ ጽፈን አይተን እናጥፋው። ማንም አጠገባችን እንዳይኖር ብቻ።

ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬት እንደ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒዩተራችን የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሲቀበል ቀኑን የሚያመሳክረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። ሰዓቱ የተሳሳተ ከሆነ ደህናውን ሰርተፍኬት «ጊዜው አልፎበታል» ወይም «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል።

ይህ ነገር በኛ በኢትዮጵያውያን ላይ ከሌላው በበለጠ ሊደርስ ይችላል። የኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ የሰዓት አቆጣጠራችን ደግሞ በስድስት ሰዓት ይለያል። ኮምፒዩተር ላይ በኛ አቆጣጠር ቀንና ሰዓት ያስገባ ሰው፣ ሳያውቀው ኮምፒዩተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው። የሥራ ቪፒኤናችሁ በስልክ የሚመጣ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነም ሰዓት ወሳኝ ነው። ከስልኩ መተግበሪያ የሚወጣው ኮድ በአብዛኛው በየ30 ሰከንዱ የሚለወጥ ስለሆነ፣ የስልኩ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ከተዛባ ኮዱ አይሠራም። ዋየርጋርድም ቢሆን ሰዓታችን ወደ ኋላ ከተመለሰ ጥያቄያችንን እንደ አሮጌ ደብዳቤ ቆጥሮ ዝም ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ታይም-ዴት-ሲቲኤል» የሚለው ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ ዛሬ ስንት ነው ብሎ እንደሚያምን ያሳያል። የሰዓት ቀጠናውን አፍሪካ/ሞቃዲሾ ወይም አፍሪካ/አዲስ አበባ አድርጉት፤ ሁለቱም ያው ናቸው። ከዚያ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲወስድ አብሩለት። አሮጌ ኮምፒዩተር ጠፍቶ ሲበራ ሁልጊዜ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። የአማርኛውን ቀን ለማወቅ ግድግዳ ላይ ካላንደር እንሰቅላለን፤ ኮምፒዩተሩን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር እንተወው።

አምስተኛ በር፦ ገብተናል፣ ግን መጋዘኑ የታለ?

ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይላል፣ የምንፈልገው ገጽ ግን አይከፈትም። ይህ ሰውን በጣም የሚያሳስት ነው። ምክንያቶቹ በአብዛኛው አራት ናቸው።

1. የውስጥ ስሞች አይታወቁም። ሰርቨሩ በቁጥር ሲጠራ ከተከፈተና በስም ሲጠራ እምቢ ካለ፣ ኮምፒዩተራችን የሚጠይቀው የውጩን ማውጫ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ዲኤንኤስ ቁጥር ከኃላፊው ተቀብለን በቪፒኤኑ ሴቲንግ ውስጥ እናስገባ።

2. ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ይዘዋል። ብዙ የቤት ራውተሮች 192.168.1 ብለው የሚጀምሩ ቁጥሮችን ያድላሉ። መሥሪያ ቤቱም ይህንኑ ከተጠቀመ፣ ኮምፒዩተራችን ሰርቨሩን በዚያው ክፍል ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ በቪፒኤኑ አይልክም። «አይፒ ራውት» የሚለው ትእዛዝ ያሳየናል። በሌላ ሆትስፖት መሞከር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

3. ቪፒኤኑ ሲገናኝ ሌላው ኢንተርኔት ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ሁሉም ነገር በቪፒኤኑ በኩል እንዲሄድ ሲደረግና ሰርቨሩ ወደ ውጭ የማያሳልፍ ሲሆን ነው። ኃላፊው ከፈቀደ፣ በኔትዎርክ ሴቲንግ ውስጥ «ይህን ግንኙነት ለራሱ ኔትዎርክ ብቻ ተጠቀም» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው።

4. ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። መግቢያው ገጽ ይከፈታል፣ ፋይል ስንልክ ግን ቀጥ ይላል። ይህ የጭነት መጠን ጉዳይ ነው። መደበኛው መስመር በአንድ ጊዜ እስከ 1500 ባይት ያሳልፋል። ቪፒኤኑ የራሱን ማሸጊያ ሲጨምርበት ጭነቱ ይተልቃል፤ ድልድይ ሥር ማለፍ እንዳቃተው ረጅም መኪና ይሆናል። ዋየርጋርድ ለዚህ ብሎ ራሱ 1420 ላይ ይጀምራል። በሞባይል መስመር ላይ ይህም ከበዛ ኤምቲዩ የሚባለውን ቁጥር ወደ 1380፣ ካልሆነም ወደ 1280 ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው።

ሊኑክስ ላይ ለይተን የምናያቸው

ላፕቶፖቻችን ሊኑክስ የሆኑት ሊኑክስ ፈቃድ የማይገዛለትና በአሮጌ ማሽን ላይ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ግን የራሱ ጠባይ አለው። ከመሥሪያ ቤት የተላከልንን የቪፒኤን ፋይል ሲያስገቡት «አላውቀውም» ካለ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው የኔትዎርክ ማኔጀር የኦፕንቪፒኤን ተጨማሪ ክፍል ነው። እሱን ለመጫን ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ፣ ወደ ካምፕ ከመውጣታችን በፊት እንጫነው።

ሁለተኛ፣ ሰርተፍኬቶቹ «ዳውንሎድ» ውስጥ እንዳሉ ቪፒኤኑን ካስገባን በኋላ ተማሪ መጥቶ «ዳውንሎድ ሞልቷል» ብሎ ቢያጠፋቸው፣ ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። መጀመሪያውኑ የራሳቸውን ፎልደር እንስጣቸው።

ሦስተኛ፣ ሲስተሙን አድሰን በማግሥቱ እምቢ ካለ፣ አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን ደካማ ምስጢራዊ ኮድ አልቀበልም ብሎ ይሆናል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኦፕንቪፒኤን 2.6 በጣም ካረጁ ሰርቨሮች ጋር በራሱ አይግባባም። እዚህ ላይ መታደስ ያለበት ሰርቨሩ ነው፤ የኛን ኮምፒዩተር ጥበቃ ዝቅ ማድረግ አይደለም።

የማይደረጉ ነገሮች

ጊዜ ሲጠብ ሰው ብዙ ነገር ይፈተናል። ሦስቱን ግን አደራ እንላለን። «የሰርቨሩን ሰርተፍኬት አታረጋግጥ» የሚለውን ምርጫ አትምረጡ፤ ታርጋ ሳያይ መኪና እንደሚያስገባ ዘበኛ መሆን ነው። ፓስዎርዳችሁን ወይም የቪፒኤን ፋይላችሁን ለእርዳታ ብላችሁ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ፤ ፋይሉ ውስጥ የበሩ ቁልፍ ሊኖር ይችላል። የሰው ዝርዝር በግል ኢሜይል አትላኩ። «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የተላከ ነገር ለዛሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እርዳታ ስንጠይቅ

«ቪፒኤኑ አይሠራም» ብለን ብንጽፍ ኃላፊው መልሶ አሥር ጥያቄ ይጠይቀናል፤ በዚያ መሀል ቀኑ ያልቃል። ይልቅ እንዲህ ብለን እንጻፍ፦ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እምቢ እንዳለ፤ መጨረሻ የሠራው መቼ እንደሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ፤ በየትኞቹ ኔትዎርኮች እንደሞከርነው፤ ከአምስቱ በሮች የትኞቹን አልፎ የትኛው ላይ እንደቆመ፤ መዝገቡ ላይ ያለው መልእክት ቃል በቃል። ስድስት መስመር ነው። ያለ ምንም ማጋነን፣ አንዳንዴ ስድስቱን መስመር ስንጽፍ መልሱን ራሳችን እናገኘዋለን።

ሐሙሱ እንዴት አለቀ?

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። ኢሜይሉን ከተውነው በኋላ ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፍ ልትመልስ ገባች። ስክሪኑ ላይ ከፍተን የተውነውን መዝገብ አየችና የእንግሊዝኛውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችው። «ቲቸር፣ ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም ይላል እኮ። ምኑ ነው ገና?» አለች።

እኛ መዝገቡን ከፍተን ነበር፤ ግን አላነበብነውም ነበር። የላፕቶፑን ቀን ስናይ 2017 ይላል። ዓመቱ ደግሞ በፈረንጅ 2025 ነው። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት የተሰጠው በ2024 ስለነበር፣ ለኛ ላፕቶፕ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል! ነገሩ የሆነው ከሁለት ቀን በፊት ነው። የላፕቶፑ ባትሪ አልቃ ቀኑ ሲበላሽ፣ ከኛው አንዱ ከኢንተርኔት ሰዓት መውሰዱን አጥፍቶ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር በእጁ አስገባው። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብሮውዘር ብንከፍት ኖሮ እሱም «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይለን ነበር። እኛ ግን «ስልካችን ላይ ይሠራል» ብለን አልፈነው ነበር። ጥፋተኛ ያደረግነው ኢንተርኔቱንና ሰርቨሩን ነው፤ ጥፋቱ የገዛ እጃችን ነበር።

ሰዓቱን አስተካከልን፤ አንድ ጊዜ ተጫንን፤ ተገናኘ። የ34ኛው ተማሪ ስም የገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዝርዝሩም ከዚያች ክፍል የወጣው ታሽጎ ነው።

ለተማሪዎች መወያያ

1. ብሮውዘር ደህና ይሠራል፤ ቪፒኤኑ ግን 60 ሰከንድ ጠብቆ ይቆማል። በስልክ ሆትስፖት ሲሞከር ተገናኘ። ችግሩ ያለው የትኛው በር ላይ ነው?

2. ቪፒኤኑ ተገናኝቷል፤ መግቢያው ገጽ ይከፈታል፤ ፎቶ ሲላክ ይቆማል። የትኛውን ቁጥር ትለውጣላችሁ? ለምን?

3. አንድ ጓደኛችሁ «ፓስዎርዴ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» ይላል። ፓስዎርዱን ከማስቀየሩ በፊት የትኞቹን ሁለት ነገሮች እንዲያይ ትነግሩታላችሁ?

ሁልጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍሉ እንገኛለን። የገጠማችሁን ችግር መዝገቡን ጽፋችሁ አምጡልን፤ አብረን እናነበዋለን። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።